መርፌውን ማን ይቅመስ?

እኛን ተጠራጣሪዎች ናችሁ ይሉናል። ስም ማጥፋት ነው። ተጠራጣሪ ማለት ያለ ምክንያት የሚጠረጥር ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ያለ ምክንያት ጠርጥረን አናውቅም። ምክንያቱንም ትንሽ ካሰብንበት አናጣውም። እስቲ እናንተው ፍረዱ። በቀደም ዕለት ጎንደር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ የታሸገ ውሃ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጨዋ ልጅ ናት፤ ልታግዘኝ ብላ ክዳኑን እዚያው ባንኮኒው ጋ ከፍታ አመጣችልኝ። አመሰገንኳት። ውሃውን ግን አልጠጣሁትም። ክዳኑ ሲላቀቅ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ በገዛ ጆሮዬ ካልሰማሁ ምኑን ጠጣሁት? ዞር ብል አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ጠርሙስ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እየከፈቱ ነው። ተያየንና ራሳችንን ነቀነቅን። ሳንተዋወቅ ተዋወቅን ማለት ነው።

ለነገሩ ጠርሙስ ሳይመጣብን በፊትም መላ አላጣንም ነበር። በእኛ በኩል፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ጃናሞራ ድረስ፣ ጠላ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ከቀመሰች በኋላ ነው ለእንግዳው የምትቀዳለት። እንግዳው ወንድሟ ቢሆንም ትቀምሳለች፤ ባሏ ቢሆንም ትቀምሳለች። ጠረጠራችሁኝ ብሎ የሚቀየም የለም። እንዲያውም ሳትቀምስ ብትሰጥ ነው ነገር የሚመጣ፤ ጠጪው ዋንጫውን ይዞ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ያመሻል። ይህ ጥርጣሬ አይደለም እንግዲህ፤ ባህል ነው። ጥርጣሬ በደንብ ሲያረጅ ባህል ይባላል፣ ያኔ ማንም አይነካውም።

አሁን «ስለ ጠላ ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ?» ሳትሉኝ አልቀራችሁም። ቆዩ፣ ወደ መርፌ ልወስዳችሁ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ደባርቅ ከተማ ጤና ረዳት ነበርኩ። ደባርቅን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ብርዷ ከወልቀፊት ገደል ተነሥቶ ይመጣና በጋቢ ውስጥ ገብቶ አጥንት ይቆጥራል። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ስትሉ ጫካው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከተማው ውስጥ ስትቀመጡ ደግሞ ጎረቤታችሁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ሰላምታ ሲሰጣችሁ እንኳ ለምን ሰጠኝ ብላችሁ እስከ ቤታችሁ ድረስ ስታስቡ ነው የምትሄዱት።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው እንግዲህ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ከጎንደር ዱብ ያለው። ረዥም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው በብርዳችን ወዲያው የቀላ ጎልማሳ ነው። ስሙ ለአፍ አልመች ስላለ ከተማው ተመካክሮ ዶክተር ዮሐንስ አለው። እኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ እሞክር ስለነበር አስተርጓሚው ሆንኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አዱኛ በማግሥቱ አስጠራኝ።

«በጎ ፈቃደኛ ነው ተብሎ ተጽፏል። በጎ ፈቃደኛ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ያለ ደመወዝ የሚሠራ ማለት ነው።»

«ያለ ደመወዝ?» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። «እንግዲያው የሚከፍለው ሌላ ሰው አለ ማለት ነዋ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ደመወዝ የሚበላው በማይሠራበት አገር ደመወዝ የማይበላ ሰው እንዲህ ደፋ ቀና የሚለው ምን ፈልጎ ነው? አዱኛ ደግሞ ነገር በመላምት የሚተው ሰው አይደለም። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ በግድግዳው ካርታ ላይ የሐኪሙን አገር ፈለጋት። በጣቱ ጥፍር ሸፈናት። «በዚህች አገር ሰው አይኖርባትም» አለኝ ተመልሶ፣ «ሽፋን ናት።»

ከዚያ ወዲህ የዶክተር ዮሐንስ ኑሮ በከተማው ሁሉ ዓይን ሥር ዋለ። እሱ አላወቀም እንጂ እንደሱ የታየ ሰው አልነበረም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ይነሣል። በዚያ ብርድ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ይህ ብቻውን ለማሰር ይበቃል። ከዚያ ካልሲዎቹን በእጁ አጥቦ በገመድ ላይ ያሰጣል። አንድ ቀን ቀዩ ይቀድማል፣ አንድ ቀን ግራጫው። አብዮት ጥበቃዎቹ ይህን ለአዱኛ ነግረውት ኖሮ «ቀዩ ሲቀድም ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ሥራ ነው አልኩት። አላመነኝም። እኔ ራሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ሳላይ ማለፍ አቃተኝ።

ሥራው ላይ ደግሞ ጥያቄ ያበዛል። በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። ምን በላህ? እቤት ውስጥ እህል አለ? ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ? ወንዶቹ ስንት ናቸው? የዚያ ዘመን ሰው የሆናችሁ አሁን የሳቃችሁ መሰለኝ። እህል አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ለመንግሥት የእህል ኮታ ነው፤ ወንድ ልጅ አለሽ ወይ የሚል ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ስለዚህ የደባርቅ ገበሬ ሁሉ ምንም ሳይበላ የሚኖር ሆነ፣ እናቶቹም ሁሉ ሴት ብቻ ወላጆች ሆኑ። ጺሙ ያጎነቆለ ጎረምሳ እየደገፉ አምጥተው «የጎረቤት ልጅ ነው፣ መንገድ ላይ አግኝቼው ነው» የሚሉ ነበሩ። ዶክተር ዮሐንስ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ አንድ ቀን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «በዚህ ከተማ ወንድ የማይወለደው ከውሃው ይሆን?» አለኝ። ከብርዱ ነው አልኩት። በጣም አሰበበት።

ከሰዓት በኋላ በቅሎ ተከራይቶ ወደ ገጠሩ ይወርዳል። ማክሰኞ አንዱ መንደር ነው፣ ሌላ ቀን ሌላ ጋ ነው። አቧራ ለብሶ ተመልሶ በሶ በማንኪያ ይበላል። እኔም አብሬው ስለምዞር አቧራውን ለብሻለሁ፤ በማንኪያ በሶ ግን አልበላሁም፣ ለሁሉም ልክ አለው።

አሁን ወደ ግራዝማች ወርቅነህ እንምጣ። ግራዝማችነቱ በአዋጅ ቢሻርም ከሰው አፍ አልተሻረም ነበር። የከተማው ትልቁ የቆርቆሮ ቤት የእሳቸው ነበር፤ ትርፍ ቤት ነው ተባለና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። በጓሮ በኩል ያለው እህል ቤታቸው ደግሞ መስኮት ስለሌለው እስር ቤት ሆነ። ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ብርነሽ የተተወላቸው ማድ ቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ አዛውንቱ በየማለዳው ማድ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አዱኛ በገዛ በራቸው ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። አዱኛ ማን መሰላችሁ? አባቱ የግራዝማች የበቅሎ ጠባቂ ነበሩ። ልጁ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያደገው።

ግራዝማች ታመሙ። ሳሉ ሰነበተ፣ ሥጋቸው ከላያቸው አለቀ፣ ጋቢያቸው ላይ ደም ታየ። ዶክተር ዮሐንስ ደረታቸውን አዳመጠና የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። መዳን ይችላሉ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ። ክኒን ሰጠናቸው፣ ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። ሌላም ሰጠናቸው፣ ተቀበሉ። እሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። ሐኪሙ ግራ ገባውና ቤታቸው ሄደን እንያቸው አለኝ።

ሄድን። ወይዘሮ ብርነሽ አንዲት የሻይ ቅጠል ጣሳ አውጥተው ፊታችን አስቀመጡ። የሰጠናቸው ክኒን በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። አንድም አልተነካም።

«ምነው ግራዝማች? ሳይውጡት?» አልኩ።

«ማን ቀመሰውና ልዋጠው?»

«መድኃኒት እኮ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ረጋ ብለህ ስማኝ» አሉ፤ እሳቸው ሲናገሩ አይቸኩሉም፣ ሳሉ እንኳ ጠብቆ ነው የሚያቋርጣቸው። «ይህ ክኒን ጤና ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

ቁልፉ አዱኛ ዘንድ ነው። መድኃኒት ወደ ጫካ እንዳይወጣ ተብሎ ማታ ማታ እሱ ይወስደዋል፣ ጠዋት እሱ ይሰጠናል።

«ቤቴን የወሰደ ሰው፣ እህል ቤቴን የወሰደ ሰው፣ አሁን ማድ ቤቷን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጓታል ይባላል። ታዲያ እኔን በክኒን ሊያኖረኝ ነው? ኧረ ተወኝ ልጄ!»

ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። ተከራከርልኝ አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ሐሳቡ ቀዳዳ የለውም። በዚህ መሀል ወይዘሮ ብርነሽ ጠላ ይዘው መጡ፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ቀዱልን። ዶክተር ዮሐንስ ይህን ስንት ቤት አይቶት ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከጣሳው ውስጥ አንድ ክኒን አንሥቶ ለግራዝማች በደንብ አሳይቶ ዋጠው፣ ጠላውን አስከተለበት።

ግራዝማች አዩት። «መርጦ ነው ያነሣው» አሉኝ። ከዚያ ጣሳውን ወደራሳቸው ስበው ከታች ከሥሩ አንድ ክኒን ቆፍረው አወጡና ሰጡት። እሱንም ዋጠ። ይሄኔ አዛውንቱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ «ብርነሽ፣ ውሃ አምጪ» አሉ። ቢያንስ ሞኝ ቢሆን ነው እንጂ ክፉ አይደለም ብለው ነው መሰለኝ።

መርፌው ግን ቀረ። ነቀርሳውን የሚያሸንፈው ዋናው እሱ ነው፤ በየቀኑ ይወጋል። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መጡ፣ መርፌውን አዩ፣ ሐኪሙን አዩ፣ ተቀመጡ።

«ይህስ?» አሉ።

ዶክተር ዮሐንስ እየሳቀ ሌላ የተቀቀለ መርፌ አነሣ። ግራዝማች በከዘራቸው ጫፍ ጠቆሙ፤ «ከዚያው ብልቃጥ።» ከዚያው ብልቃጥ ትንሽ ቀዳና ጭኑን ወጋ። ግራዝማች ጥቂት ጠብቀው፣ አለመሞቱን አይተው፣ ተወጉ። ሐኪማችን ያን ቀን በደባርቅ ጎዳና ላይ እያነከሰ ዋለ። ማነከሱም ለአዱኛ ወዲያው ደረሰው።

በነጋታው ግራዝማች መጥተው ተቀመጡና እንደገና ጠበቁ። «ትናንት ቀምሶልዎት የለም ወይ?» ብላቸው ጊዜ «ትናንት የቀመሰው የትናንቱን ነው። ብርነሽ ትናንት ቀምሳ ነበር ብዬ ዛሬ ሳትቀምስ እጠጣለሁ?» አሉኝ። ሐኪሙ አንድ ሁለት ቀን ቻለው። ከዚያ ግን አልችልም አለኝ፤ ለካስ መድኃኒቱ ያለ በሽታው ሲበዛ ጆሮ ያደነቁራል። ግራዝማችም ካልተቀመሰ አልወጋም ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቤታቸው ገቡ። ሰውየው ሊሞቱ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ቀማሽ ብቻ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን አዱኛ አስጠራኝ። «ሐኪሙ ራሱን ይወጋል ይባላል። ምንድን ነው የሚወጋው?» አለና ሳል ያዘው። ብዙ ሳለ። መሐረቡን ከአፉ ላይ ሲያነሣ ቶሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እኔ ግን ቀዩን አይቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ ሳልና ደም ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ይህ ሳል ሰነበተ?»

«ጉንፋን ነው።»

«እስቲ ሐኪሙ ይይህ።»

«ለማን እንደሚሠራ ያልታወቀ ሰው ደሜ ውስጥ ነገር ሊጨምርብኝ? ደግሞስ እዚያ ጤና ጣቢያ የምትሠሩት ግማሾቻችሁ የአቶ ወርቅነህ ሥጋ ዘመዶች አይደላችሁም እንዴ? ሣጥኑን እኔ ማታ እቆልፈዋለሁ፣ ቀን ቀን ግን እጃችሁ ላይ ነው የሚውል።»

ለዶክተር ዮሐንስ ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ግራዝማች መድኃኒቱን የሚፈሩት በአዱኛ ምክንያት ነው፤ አዱኛ የሚፈራው በእሳቸው ምክንያት ነው። ሁለቱም ደም እየተፉ ነው። እሱ አገር እንዲህ ያለ በሽታ በመጽሐፍ የለም።

ወሬው ግራዝማች ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «አዱኛ ያስለዋል?» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊታቸው ሲፈካ አየሁት። «እግዜር ይማረው። እንግዲያው ቀማሽ ተገኘ ማለት አይደል? እሱን ቀድማችሁ ውጉት። እሱ ተወግቶ ከቆመ እኔም እወጋለሁ።»

ይህን ለአዱኛ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቁጭ ብሎ አሰበበት። «እሱ ይቅደም» አለ ቆይቶ። «አንድ ነገር ቢሆን የሚጎድለው ፊውዳል ነው።»

ነገሩን የጨረሰው ሐኪሙ ነው። አንድ ትልቅ ብልቃጥ፣ ሁለት መርፌ፣ ተራ በተራ። ዛሬ አንተ ትቀድማለህ፣ ነገ እሳቸው። ሁለቱም ተስማሙ። የተስማሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ግራዝማችን የሚገድል ሰው አዱኛን አይገድልም፣ አዱኛን የሚገድል ግራዝማችን አይገድልም፣ ሁለቱንም በአንድ ብልቃጥ ልግደል የሚል ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም። እኔ እንኳ በልቤ አንድ ሁለቱን አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ያን ማለዳ ማለዳ ብታዩት! አንዱ በአግዳሚ ወንበሩ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። የሚወጉት መቀመጫቸው ላይ ስለሆነ ግራዝማች መጋረጃ ካልተዘረጋ አይሆንም አሉ፤ የከተማው ትልቅ ሰው ሱሪ ፈትቶ ለማንም አይታይም። መጋረጃው ከተዘረጋ ደግሞ አዱኛ መርፌው መግባቱን በምን ያውቃል? መጨረሻ ላይ ቀዳሚው መጋረጃ ውስጥ ይገባል፣ ተከታዩ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ መርፌውን ብቻ ያያል፣ ሌላውን አያይም ተባለ። ከተወጉ በኋላም አይሄዱም። ቀዳሚው ይወድቅ አይወድቅ እንደሆነ ተከታዩ ጠብቆ ነው የሚወጋው፤ ተከታዩ ደግሞ ቀዳሚው ቤቱ ሲገባ የሚውጠው ማርከሻ እንዳይኖረው ብሎ እስከ ግቢው በር ይከተለዋል። ግቢያቸው አንድ ስለሆነ አብረው ይገባሉ። ባላየ የሚያያቸው አባትና ልጅ ይላቸው ነበር።

«አደርክ?» ይላሉ ግራዝማች።

«አልሞትኩም» ይላል አዱኛ።

«እስከ ማታ ነው እንጂ።»

ከዚህ የበለጠ አይነጋገሩም። ግን ሳሉ ቀነሰ። ግራዝማች ጉንጫቸው ሞላ፤ አዱኛ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ ለቀቅ አደረገ። ዶክተር ዮሐንስ መንገድ ላይ ሲያፏጭ ይሰማ ጀመር። ገና ይቀራቸዋል፣ ካቋረጡ ግን በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስም መድኃኒቱን ይለምደዋል ብሎ በየቀኑ ያስጠነቅቃቸዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያይ ሌላ ዓይን መኖሩን የረሳ ማን ነው? እኛው። አንድ ጠዋት ከላይ የተላኩ ሰዎች በመኪና መጡ። ጓድ አዱኛ ከፊውዳል ርዝራዥና ከውጭ ዜጋ ጋር በየማለዳው በመጋረጃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። መርፌ እንወጋለን አለ። ለምን ከእሱ ጋር? እሱ ይቀምስልኛል፣ እኔ እቀምስለታለሁ። እናንተ ብትሆኑ ታምኑታላችሁ? እነሱም አላመኑትም። እህል ቤቱ ውስጥ ተቆለፈበት። የቆለፉበት የራሱ አብዮት ጥበቃዎች ናቸው፤ እስከ ትናንት ሰላምታ ሲሰጡት ተረከዛቸውን የሚያጋጩለት።

በማግሥቱ ግራዝማች ጤና ጣቢያ መጥተው በወንበራቸው ጫፍ ተቀመጡ። ሌላው ጫፍ ባዶ ነው። ቀማሽዎ የለም፣ እንዴት እናድርግ አልኳቸው። «ሌሊቱን ሲስል አደረ። ማድ ቤቱና እህል ቤቱ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው» አሉ። ሳይወጉ ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱም እንዲሁ።

ዶክተር ዮሐንስ ከላይ ለመጡት ሰዎች አመለከተ። እስረኛው ካልተወጋ ይሞታል አላቸው። ተመካከሩና በፊታችን ከሆነ ይወጋ አሉ። ብልቃጡን ከሣጥኑ አውጥተው የሰጡን እነሱው ናቸው፤ ቁልፉ አሁን እነሱ ዘንድ ነው። ከሐኪሙ ጋር ወደ እህል ቤቱ ሄድን። አዱኛ ጥግ ላይ ጋቢ ሳይለብስ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ብልቃጡን አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«ከላይ ከመጡት ዘንድ» አልኩት።

«አልወጋም።»

«አዱኛ፣ ይህ እኮ ያ የምታውቀው መድኃኒት ነው። ካቋረጥክ...»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ሳለ ማታ ማታ ያሰብኩትን እኔ አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ያሰብኩትን እነሱ አያስቡትም? ብልቃጡ ውስጥ ምን እንደሚጨመር ሳይቀር አስቤ ነበር። አልወጋም! ሊገድሉኝ ከሆነ በጥይት ይግደሉኝ በላቸው።»

ከኋላችን ከዘራ መሬቱን ሲመታ ሰማን። ግራዝማች በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«አውቅ ነበር» አሉ። እንዲያው በቃ፣ ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ቆመዋል፣ ከላይ የመጣው ሰው ክንዱን አጣምሮ ቆሟል፣ መጋረጃ የለም። ግራዝማች ወርቅነህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ እህል ቤታቸው መሀል፣ የሱሪያቸውን ማሰሪያ ፈቱ።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው» አሉ።

ተራው የእሳቸው አልነበረም። መጨረሻ የተወጉ ዕለት ቀዳሚው እሳቸው ነበሩ፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሐኪሙም ያውቃል፣ አዱኛም ያውቃል። ማንም አልተናገረም። ከጥበቃዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዶክተር ዮሐንስ ከብልቃጡ ቀዳና ወጋቸው። ሱሪያቸውን አሰሩ፣ እህል ይከመርበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን አዱኛ ላይ ተከሉ። ጠበቅን። መርዝ ቢሆን ኖሮ የሚሞቱት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ በበኩሌ ይሞታሉ ብዬ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። አልሞቱም። ሳሉ እንኳ አልመጣባቸውም።

«እህ?» አሉ በመጨረሻ።

አዱኛ ተነሣ። ቀበቶውን ሲፈታ እንባው ይወርድ ነበር። «ግራዝማች» አለ፤ በማዕረጋቸው ሲጠራቸው ከአብዮቱ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

በማግሥቱም መጡ፣ በማግሥቱም። አዱኛ እስኪፈታ ድረስ፣ ሐኪሙ ያዘዘውም እስኪያልቅ ድረስ፣ ሁልጊዜ ተራው የግራዝማች ነበር። አዱኛ ተፈትቶ ሊቀመንበርነቱ ለሌላ ተሰጠና ዳባት ሄዶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ድኖ፣ ወፍሮ፣ ወልዶ ነበር። ዶክተር ዮሐንስም ጊዜው ደርሶ ሄደ። የሚሄድ ዕለት ማድ ቤቷ ውስጥ ሰብሰብ ብለን ሳለ ከአገሩ የመጣ አንድ ጠርሙስ አረቄ አወጣ፤ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ለግራዝማች ቀዳላቸው። ወይዘሮ ብርነሽ እልል አሉ። ግራዝማችም «አሁን ሰው ሆነ» አሉኝና ጠጡለት፤ በእርግጥ የቀመሳት ጠብታ በጣም ትንሽ እንደሆነች በጆሮዬ ሳይነግሩኝ አልቀሩም።

እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ ግራዝማች ለአዱኛ ለምን ቀመሱ? በከተማው ብዙ ይባል ነበር። ቤታቸውን እንዲመልስላቸው ብለው ነው ያሉ አሉ። ለነፍሳቸው ብለው ነው ያሉ አሉ፤ የንስሐ አባታቸው አዘዋቸው ነው ያሉም ነበሩ። እኔ የራሴ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ልጁን እዚያው ግቢ ውስጥ ስላሳደጉት አንጀታቸው አልቻለም የሚል። ከሁሉም የሚሻለው መጠየቅ ነው ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠየቅኳቸው። ማድ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አዲሱ ሊቀመንበር በዚያ በገዛ በራቸው ሲገባ ዓይናቸው ይከተለዋል።

«ሊገድልዎ አስቦ እንደነበር ከገዛ አፉ ሰምተው፣ እንዴት ቀመሱለት?» አልኩ።

አዲሱ ሰውዬ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ጠበቁ።

«አዱኛን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ» አሉ። «ምን እንደሚያስብብኝ፣ መቼ እንደሚያስብብኝ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እሱ ሞቶብኝ አዲስ ሰው ከየት ጀምሬ ልጠርጥር?»

ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ወይዘሮ ብርነሽን ጠሩልኝ። ጠላ ይዘው መጡ፣ ቀመሱልኝ፣ ጠጣሁ።